የተሰረቀ ክር

«ቀዩን ክር ማን ነካው?» ብዬ ስገባ ከበር፣
ጦይባ ትስቃለች፣ ጥፍሯ ሥር አፈር።
እኔ ሱሪ ሰፊ፣ ፒያሳ ላይ ሱቄ፤
እሷ አፈር ሰፊ፤ ይህን መቼ አውቄ!

ከጦሳ ግርጌ፣ ነጠላ በምታክል ጓሮ፣
ጉሙ ሲወርድባት ጠዋት ተደርድሮ፣
የትኛው አገዳ ቀድሞ እንዳበበ፣
ውርጭ መትቶት ሲያበቃ ማን እንዳልረገበ፣
አይታ፣ አይታ፣ ትመርጣለች ማታ፣
ወገቡን ታስራለች፣ ክሬን አላልታ።
ትርጉሙን ያውቁታል የሰፈር ልጆች ሁሉ፦
«ቀይ ያሰረው ለዘር፤ ሌላውን ብሉ።»

ልጅ ሁሉ ያከብራል። የማላከብር እኔ፤
አንድ የጥቅምት ማታ፣ ጨለማ ነው ብሎ ዓይኔ፣
ሦስት እሸት ፈለፈልሁ፤ በልቼ ገባሁ።
ጠዋት ክሩን ይዛ ቆመች፤ እኔም ዝም አልሁ።
«የበላኸው» አለች፣ «ሦስት እሸት መስሎሃል?
የከርሞ ጓሯችን ሆድህ ገብቶልሃል።»

ኅዳር ላይ ልጣጩ ደርቆ ሲንሿሿ፣
ትፈለፍላለች፣ ጭኗ ላይ ነው ሻሿ።
ኮሳሳው ለሽሮ፤ ስንጥቁ ለክክ ወጥ፤
ወፍራሙ ለአፈር፤ ለእኛ የማይሰጥ።
«ሰው ጥሩውን ይበላል» ትላለች፣ «ክፉውን ይዘራል፤
ከዚያም መሬት ከዳኝ ብሎ ያማርራል።»
አመድ ታለብሳለች፣ ነቀዝ እንዳይደፍር፤
ሃይላንድ ትሞላለች፣ በእፍኝ ስፍር ስፍር።
ፕላስተር ለጥፋ ትጽፋለች፦
«ባቄላ። ውርጭ አይፈራም። አይሸጥ።»
«አተር፣ የኩታበር። ያውም ጣፋጭ።»

ከባቄላው ደግሞ ለአስካለ እፍኝ፣ ለሐጂ ሙሔ እፍኝ፣
ገራዶ ላለች እህቷ እፍኝ።
«ይኼ ሁሉ ልፋት ለሰው ነው?» ስላት፣
ጠርሙሱን ወዘወዘችው። ሌላ መልስ የላት።

የካቲት ወሰዳት።

ሰኔ ላይ፣ መብረቁ ጦሳን ሲጎበኝ፣
ከመደርደሪያው ላይ ጽሕፈቷ ታየኝ።
አወረድሁ። ገለበጥሁ። ባቄላው ሁሉ ቁልፍ ሆኗል፣
ባለ ሁለት ቀዳዳ፤ አተሩ ዱቄት ሆኗል።
ኅዳር ታማ ነበር። «አመዱን እንዳትረሳ» ብላኝ።
እሺ አልሁ። የሠርግ ሱፍ ይዤ ነበር።
ረሳሁ።

ሰኞ ገበያ ወረድሁ። ባቄላማ ሞልቷል፤
«ከየት ነው?» ብላት ሻጯን፣ «ከመኪና ወርዷል።»
«ውርጭስ ይችላል?» «ኧረ እኔ ምኑን አውቄ!
ይበስላል።» ባዶ እጄን ወጣሁ፣ ዘንቢሌን አንቄ።

ማታ በሩ ተንኳኳ፤ የሐጂ ሙሔ ልጅ፣ ሩቂያ፤
ፌስታል ይዛለች፤ ክር ነው የአፉ ማሰሪያ።
ቀይ ክር።
«የእትዬ ጦይባ ባቄላ ነው፤ እኛ ጓሮ ደርቷል።»
ክሩን አገላበጥሁት። የሱቄ ነው። አውቀዋለሁ።
«ይሄን ከየት አመጣችሁ?»
«እሷ ነቻ! ከዘሩ ጋር ነው እኮ የምትሰጠው።
አስካለ ቤትም አለ። አብሽር፣ ጋሽ ይማም።»

ለካ ስንት ዓመት ሙሉ፣ እኔ ስቆጥር ጎዶሎ፣
ክሬ ሰፈሩን ሰፍቶታል፣ ከአጥር አጥር ዘሎ።

«አተሩስ?» አልኋት።
ሩቂያ መሬት መሬት እያየች፣
«አተሩን ለማንም አልሰጠችም» አለች፤
«እሱ የይማም ነው፣ እሸቱን ይወዳል፣ ትል ነበር።»

አርባ አንድ ፍሬ ዘራሁ። ሠላሳ ሰባቱ በቀለ።
አሁን መስከረም ነው፤ አብቧል፤
ነጭ፣ መሐሉ ጥቁር፣ ሰው የሚያይ ይመስላል።
የትኛው እንደ ቀደመ እንጃ፤ ማየትም ሙያ ነው፤
ለእኔ አገዳው ሁሉ አንድ ነው።
ቢሆንም፣ ትናንት ሱቁን ስዘጋ፣
ከጥቅሉ ላይ ክንድ ያህል ቆርጬ
ኪሴ ከተትሁ፣ ሰው እንዳያየኝ ዞሬ።

የአተሩን ጠርሙስ አጠብሁት፤ አልጣልሁትም።
ፕላስተሩ አንድ ጎኑ ተነሥቷል፤
«የኩታበር» የሚለው ግን ይነበባል።
ቅዳሜ ጠዋት መኪና አለ።